ሁለተኛው ሳጥን

«በስንት የስፒከር ሳጥን ነው የከፈትሽው?» አለ ጋሼ፣ ዓይኑን ከተፈታው አምፕሊፋየር ላይ ሳያነሳ።

«በአንዱ» አለች ሚጢጢ።

ሰው ሲዋሽ ልቡ ይመታል ይባላል። የሚጢጢ ልብ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ወንድሟ ከሞተ አራት ወር ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ደስታውም ድንጋጤውም በሩቅ እንደሚያልፍ መኪና ነው፣ ድምፁን ትሰማለች እንጂ አይደርስባትም። በቀብሩ ቀን አላለቀሰችም። ጎረቤቶች «ጠንካራ ልጅ» አሏት። ጥንካሬ ይህ ከሆነ ድንጋይም ጠንካራ ነው ብላ አሰበች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ሚጢጢ ብሎ የሰየማት ወንድሟ ነው። ዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ ቁመቷም ከእናቷ በልጦ፣ ስሙ እንደተለጠፈባት ቀርቷል።

ጋሼ የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሬዲዮና ቴፕ፣ ስፒከርና ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር ይጠግናል። ሱቁ ከቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ በጫማ ሰፊና በፎቶ ቤት መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ሆዳቸው የተከፈተ ዕቃዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ዕቃ ሲመጣለት ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቃል፦ ከምን ጋር ተያይዞ ነበር፣ ምን ያህል ሠራ፣ ሲጠፋ ምን ሸተተ። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል። ከዚያ የተነገረውን አምኖ ሥራውን ይጀምራል። ሌሎቹ ጠጋኞች ደንበኛ ሁሉ ዋሾ ነው እያሉ ይስቁበታል።

«በአንዱ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ጋሼ። የተቃጠሉትን ትራንዚስተሮች በጣቱ ገፋ አደረጋቸው። «ባለፈው ስበይደው አንድ ነገር ስቻለሁ።» ቀኝ እጁን ከመብራቱ ሥር ዘርግቶ፣ ገልበጥ አድርጎ አየው። «እያረጀሁ ነው መሰለኝ።»

ሚጢጢ ወለሉ ላይ ከብየዳ ተንጠባጥበው የደረቁትን የስታኞ ጠብታዎች ቆጠረች። አሥራ ሰባት ነበሩ።

አምፕሊፋየሩ ወንድሟ ቤዝ ጊታሩን የሚሰካበት ነው። ጀርባው ላይ በነጭ ፕላስተር፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ እንዲህ የሚል ለጥፎበታል፦ «ሦስት መቶ ዋት፣ አራት ኦም። ከአራት በታች የሚያገናኝ እኔን አያውቀኝም።» ቤዝ ሲያስተምራት ከኖታው በፊት ያስጠናት ይህንኑ ነበር። ኦም ሳጥኑ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን ነው፤ አንዱ የስፒከር ሳጥን አራት ኦም ነው፣ አምፑ የሚፈልገውም ልክ ያንን ነው። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ሲሰካ ሸክሙን የሚያቀሉለት ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ አራትና አራት ስምንት መሆኑ ቀርቶ ሁለት ይሆናል። «አዳራሽ ላይ ሁለተኛ በር ብትከፍቺ ሰዉ በእጥፍ ይወጣል» ይላት ነበር። «በሮቹ ምንም አይሆኑም። የሚረገጠው መሀል የቆመው ዘበኛ ነው።» ዘበኛው አምፑ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ያደረገችው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ለትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ ዝግጅት እንድትመታበት ብሎ ጋሼ አምፑን ጠግኖ ካመጣው ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሁለተኛውን ሳጥን ደግሞ የወንድሟ ጓደኞች ከልምምድ ክፍላቸው አምጥተው መኝታ ቤቱ ጥግ አስቀምጠውት ነበር፤ እናቷ ማየት ሲያቅታት አንሶላ አለበሰችው። ጋሼ ሳጥኑ መመለሱን አያውቅም።

እናቷ ገበያ ስትሄድ ሚጢጢ ወንድሟ ሁልጊዜ የሚጀምርባትን መስመር መታች። ምንም አልተሰማትም። ድምፁን ጨመረች፤ አሁንም ምንም። እሱ ሲመታ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም በጆሮ ሳይሆን በደረት ነበር የሚገባው። አንሶላውን ገፈፈች። ሳጥኖቹ እያንዳንዳቸው አራት መቶ ዋት ይችላሉ፣ በዋት በኩል ስጋት የለም። የኦሙ ነገር ግን ፕላስተሩ ላይ ተጽፎ ፊት ለፊቷ ነበር። አነበበችው፣ ሰካችውም።

ሩብ ሰዓት ያህል ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተነቃነቀ። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተና ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለተኛውን ሳጥን ወደ ጥጉ መለሰች፣ አንሶላውን አለበሰችው፣ እጇን ታጠበች።

ውሸቷ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ አልቀረም። አንድ የአዳራሽ ባለቤት ትልቅ አምፕ አስይዞ ሲመጣ ጋሼ ወደ ሌላ ጠጋኝ እንደመራው እናቷ እራት ላይ ነገረቻት። ከዚህ በኋላ የሰው ዕቃ አልነካም ማለቱንም ጨመረች። «ሠላሳ ዓመት የያዘው ሥራ ነው። የልጁን ዕቃ በገዛ እጄ ገደልኩት ይላል» አለች እናቷ። «ምን እንደምለው ጠፋኝ።» ሚጢጢ ዳቦዋን ቆርሳ ጎረሰች።

ትምህርት ቤት ደግሞ ከበሮ መቺው አለ። ቀጮ ይሉታል፣ በጎን ከቆመ ስለማይታይ። አምፑ ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቃት ሲጠገን ተበላሸ ብላው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ወሬው አድጎ ወደሷው ተመለሰ።

«ጋሼሽ ነው አሉ ያነደደው» አላት ቀጮ። «አታካብጂ፣ ቤዙን ኪቦርዱ ይሸፍንልናል። ሰውየው በቃ ፋራ ሆኗል፣ ምን ታደርጊዋለሽ።»

«እሺ» አለች።

ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ መምህሩ ያስተማሩት አንድም አልገባትም። ጋሼ እጁን ገልብጦ ሲያየው ነበር የሚታያት። ኀዘን አልነበረም፣ ጸጸት ነው ለማለትም ይከብዳል። እጁ ብቻ ነበር፤ ምንም ያላጠፋ እጅ።

ቤት ገብታ አንሶላውን ገፈፈች። ሳጥኑ ካሉት አራት ጎማዎች አንዱ ወልቋል፤ በዚያኛው በኩል እያነሳች፣ ደክሟት እያስቀመጠች ሁለቱን መንገድ አሻገረችው። ጫማ ሰፊው መዶሻውን አቁሞ «ሬሳ ነው እንዴ የምትጎትቺው?» ብሎ ቀለደና፣ የማን እህት እንደሆነች ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ያዘ። ሚጢጢን ሳቅ ሊያመልጣት ነበር።

ጋሼ ባዶ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጧል። ሳጥኑን ሲያይ ብድግ አለ። «ይሄ ከየት መጣ?»

«ቤት ነበር። ጓደኞቹ መልሰውት።» ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። «ሁለቱንም ነው የሰካሁት፣ ጋሼ።»

ጋሼ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለ። ቴስተሩን አንስቶ ያመጣችውን ሳጥን ለካ፤ ሦስት ነጥብ ሦስት አነበበ። አራት ኦም የሚባለውን ቴስተር ምንጊዜም ትንሽ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። ከአምፑ ጋር ቀድሞ ሱቁ ከመጣው ከመጀመሪያው ሳጥን ጋር አያይዞ ሲለካው ወደ አንድ ነጥብ ሰባት ወረደ።

«ስንት ደቂቃ ቆየ?»

«ሩብ ሰዓት ያህል። ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍቼው።»

«በሁለት ኦም ሩብ ሰዓት» አለ ጋሼ ለራሱ። መነጽሩን አድርጎ አምፑ ላይ አጎነበሰ፤ ባለፈው የበየዳቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ በካቻቢቴው ጫፍ ነካካቸው። አንዳቸውም አልለቀቁም። ቀና ሲል ፊቱ ትንሽ ተፈትቶ ነበር፣ ወዲያው ግን መልሶ ተቋጠረ።

«ፕላስተሩን አላየሽም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«እሱ ሲመታ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። አሁን ምንም አይሰማኝም፣ ጋሼ። ምንም።»

ጋሼ በርጩማው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። መናደዱን ነገራት፤ በአምፑ ሳይሆን በመዋሸቷ፣ እሷን አምኖ እጁን ሲጠላ መሰንበቱን። ከዚያ ጋሼ ወደ መደርደሪያው፣ ወደነዚያ ሁሉ ሬዲዮዎች እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔም ይሄውልሽ፣ አንዱንም ለጆሮዬ ብዬ ከከፈትኩ አራት ወር ሆነኝ።»

ስልኩን አነሳና ለአዳራሹ ባለቤት ደወለ። ዕቃውን መልሶ እንዲያመጣው ነገረው፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም። ከመሳቢያው አዲስ ትራንዚስተሮች አወጣ፣ መበየጃውን ሰካ። «ነይ፣ መብራት ያዢልኝ» አለ።

ሚጢጢ መዳፏን አየች። ሳጥኑን ስትጎትት ቆዳዋ ተልጦ ኖሯል። በአውራ ጣቷ ጫን አለችው፣ አቃጠላት። ደግማ ጫን አለችው።

«አንዴ፣ ጋሼ» አለችና ስልኳን አወጣች። ለቀጮ ጻፈች፦ «አምፑን ያነደደው ጋሼ አይደለም። እኔ ነኝ። ለሌሎቹም ንገራቸው።» ሁለት ጊዜ አንብባ ላከችው። መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ኪሷ ከተተች፤ መብራቱን አንስታ ጋሼ እጅ ላይ አበራችለት።