የቋሚው እግር

ልጅቷ አጎቷን ያገኘችው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ በአጥር መሥሪያው ግቢ መሬት ላይ ተዘርሮ፣ ሰማያዊ ቀለሙ ገና ያልደረቀ የብረት በር ተጭኖት። ጮኸች። በሩን ብቻዋን ልታነሳ ታገለች፤ ንቅንቅ አላለላትም። ጎረቤት ተሯሩጦ መጥቶ ሲያነሳው ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል።

«ምስኪን! በር ወድቆበት» ተባለ። ወሬው ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም፤ መርማሪዋ መጣች። አጠር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ከአፏ የማይጠፋ ቃል ስለሆነ ጣቢያው ውስጥ «ቀስ እንበል» ይሏታል። አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች።

«በሩ ጠፍጣፋ ነው» አለች። «የራሱ ቁስል ግን እንደ አውራ ጣት ጠባብ ነው። ቀስ እንበል። ይሄ ሰው መጀመሪያ ተመቷል፤ በሩ ኋላ ነው የተጣለበት።»

ግድግዳው ላይ የጉድጓድ መቆፈሪያ ድጅኖዎች ተደርድረዋል። ሁሉም አፈር ለብሰዋል፤ አንዱ ብቻ ታጥቧል።

ልጅቷን ቢሮ ውስጥ አስቀመጠቻት።

«እዚህ ሥራሽ ምንድነው?»

«የድርጅቱን የኢንተርኔት ገጽ እይዛለሁ። ደንበኛ አስተያየት ሲጽፍ መልስ እሰጣለሁ።»

«ጠዋት ከአጎትሽ ጋር ስትጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል።»

ልጅቷን መዋሸት አማራት፤ ግን የዚች ሴትዮ ዓይን የሚዋሹት ዓይን አልመሰላትም። «አሥራ አንድ የውሸት አስተያየት ጽፌ ነበር። ሁሉም ባለ አምስት ኮከብ። ዛሬ ደረሰብኝ። ‹እኔ ረግጬው በማላውቀው ሰፈር አጥሬን የሚያሞግሰው ማነው?› አለኝ። ቀጥሎ ‹ከፊቴ ጥፊ› አለኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ፤ እያለቀስኩ ስዞር ቆየሁ።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ነካ ነካ አደረገ። ልጅቷ አየችው። አጎቷ ያሳደጋት ሰው ነው። እሱን ገድላለች ተብላ ልትታሰር!

መርማሪዋ የሟቹን ስልክ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ነበር የተገኘው፤ መቆለፊያ ቁጥር የለውም። «ትናንት አንድ ጡረተኛ መምህር አንድ ኮከብ ሰጥተዋችኋል። ‹አጥሩ ይወዛወዛል፤ አንድ ቀን ሰው ይገድላል› ብለዋል። ዛሬ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ከዚህ ስልክ መልስ ተሰጥቷቸዋል። አንብቢው።»

ልጅቷ አነበበች። «ሄጄ አይቼዋለሁ፤ የማዕዘኑ ቋሚ መሬት ውስጥ የተቀበረው እግሩ ሰማንያ ሳንቲሜትር ሙሉ ነው። ችግር የለውም።» ከሥሩ ፎቶ አለ፦ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የቋሚ ብረት፣ የተዘረጋ ሜትር።

«ሁሌም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለች። «‹እግሩን ሳላይ መልስ አይጻፍም› ይላል። ቅሬታ ሲመጣ ራሱ ሄዶ፣ አንድ ቋሚ ቆፍሮ፣ ለክቶ፣ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ነው እኔ የምጽፈው።»

«እና ይሄን አንቺ ጻፍሽው?»

«ኧረ በሞተው!»

መምህሩ ተጠርተው መጡ፤ ከዘራቸውን እየመቱ፣ ቱግ ብለው። «እኔ ማንንም አልገደልኩም! አዎ ጽፌያለሁ፤ የልጅ ልጄ ከዚያ አጥር ሥር ነው የምትጫወተው። ግን ከጠዋት ጀምሮ ደጄ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ማንም አልመጣም፤ ማንም አልቆፈረም።»

ሦስተኛው ፎርማኑ ነበር፤ የሟቹ የሃያ ዓመት ጓደኛ፣ የደንበኛ አጥር ሁሉ በእጁ የሚያልፍ። ዓይኑ ቀልቷል። «ሳይት ላይ ነበርኩ እመቤቴ። ዛሬ እዚህ ግቢ የገባሁት እናንተ ስትጠሩኝ ነው። ወንድሜን አጣሁ፤ ሌላ ምን ልበል?» ድምፁ ተሰበረ። ልጅቷም አብራው አለቀሰች።

መርማሪዋ ግን ፎቶው ላይ ተተክላለች። ፎቶውን በሁለት ጣቷ አጎላችና «ነይ እስቲ» አለቻት። «ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ላይ ምን ይታይሻል?»

«ሰማያዊ ጠብታ… የቀለም!»

«በመምህሩ ቤት ሰማያዊ ቀለም አለ?»

«የለም። እዚህ ግን በሮቹን የምንቀባው…» ልጅቷ አፏን ያዘች።

ተያይዘው የግቢውን አጥር ዞሩ። ከቀለም መቀቢያው ጀርባ፣ አንዱ ቋሚ ሥር አፈሩ እርጥብ ነበር። መርማሪዋ አጎንብሳ አየች፣ በጣቷ ነካች። ፖሊሱን ጠርታ ሌላ ቋሚ ሥር በቁመት ክንድ የሚያህል ጉድጓድ አስቆፈረች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ከመሄዳችን በፊት ይሄን ጉድጓድ እንድፈነው፤ ሰው ይሰበርበታል» አለች እንደ ዋዛ። «አንቺ፣ አካፋውን ያዢ።»

ልጅቷ ግራ እየገባት አፈሩን ገፍታ አስገባችና ክምር አደረገችው። መምህሩ በከዘራቸው ጫፍ ትንሽ ቆረቆሩት። ፎርማኑ አንዴ አየ፣ ሁለቴ አየ፤ አላስቻለውም።

«ኧረ በሕግ! እንዲህ ይደፈናል? ነገ ዝናብ ሲመጣ ሊሰምጥ!» አካፋውን ነጠቃት። አፈሩን መልሶ አወጣ፤ ጥቂት ጥቂት እያስገባ በድጅኖ ጠቀጠቀው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ ከቋሚው ሥር ሸጎጠ። በመጨረሻ ውሃ እንዳይተኛበት ዙሪያውን በተረከዙ አዘቀዘቀው። የሚያምር ሥራ ነው፤ እጁን አራገፈ።

«እጅዎን ይባርከው» አለች መርማሪዋ። «አሁን ወደዚህ ይምጡ።»

ወደ ቀለም መቀቢያው ጀርባ ወሰደቻቸው። እርጥቡ አፈር ተጠቅጥቋል፤ ዙሪያው በተረከዝ ተዘቅዝቋል፤ ከቋሚው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸጉጧል። ፎርማኑ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ቀስ እንበል» አለች። «ፎቶው መምህሩ ቤት አልተነሳም፤ ቀለሙ ይመሰክራል። እዚህ ነው የተነሳው። ለምን እዚህ? የዚህን ግቢ ቋሚዎች ሟቹ ራሱ ነው የተከላቸው፤ ሰማንያ የሚሞላ እግር የተገኘው እዚህ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ እግሩን እያሳጠሩ የተከሉት እርስዎ ነዎታ! ደግሞ ይቺ ልጅ ብትሆን አፈሩን ክምር አድርጋው ነበር፤ አይታችኋታል። መምህሩ ሰማንያ ሊቆፍሩ ቀርቶ በከዘራ ነው የሚቆሙት። ሠራተኞቹ ሁሉ ሳይት ላይ ናቸው፤ እርስዎ ግን ‹ሲሚንቶ ላመጣ› ብለው ከሦስት እስከ አራት ተኩል እንደጠፉ እነሱ በስልክ ነግረውኛል። ሟቹ ድጅኖውን አንስቶ ወደ መምህሩ ቤት ሊሄድ ነበር። ከሄደ ያየዋል። አንዱን ካየ ደግሞ ሁሉንም ያስቆፍራል። ከገደሉት በኋላም ሌላ ሰው ሄዶ እንዳይቆፍር ‹አይቼዋለሁ› ብለው በስልኩ መልስ ጻፉ።»

«ለምኜው ነበር» አለ ፎርማኑ። «‹አትሂድ፣ ስሜ ይጠፋል› አልኩት። ‹አጥር የሚደገፉ ልጆች አሉ› ብሎኝ ዞረ። እኔ… እጄ ነው የቀደመኝ።»

«ከላይ የሚታየውን አሳምረህ!» አለች ልጅቷ። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ነው አንተ ያለችው። «ታች ያለውን ማን ያየዋል ብለህ ነው አይደል?» ይህን ስትል የራሷ አሥራ አንድ አስተያየት ትዝ አላት። ካቴናው የገባው ፎርማኑ እጅ ላይ ነው።

ከቀብሩ በኋላ፣ በአራተኛው ቀን፣ ልጅቷ የአጎቷን ድጅኖና ሜትር ይዛ መምህሩ ደጅ ደረሰች። የማዕዘኑን ቋሚ ራሷ ቆፈረች፤ መዳፏ ተላጠ። ሠላሳ ሳንቲሜትር ላይ ብረቱ አለቀ። ፎቶ አነሳችና የሐሰቱን መልስ አጥፍታ በቦታው ጻፈች፦ «እውነትዎን ነው። እግሩ ሠላሳ ነው። ይህን አጥርና የተከልነውን ሁሉ ቆፍረን እናያለን። አሥራ አንዱን ሙገሳ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አጥፍቼዋለሁ።»

መምህሩ በትከሻዋ በኩል አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ። «ልጄ፣ እኔም ያችን አንድ ኮከብ ላጥፋት ይሆን? ሰውዬው በሷ ምክንያት…»

«ተዉ ጋሼ፣ ትቆይ» አለች። «አጎቴ ሊመጣልዎት ተነስቶ የነበረው እሷን አንብቦ ነው።»

ከዚያ ጉድጓዱን ወደ ታች መቆፈር ቀጠለች፤ ገና ሃምሳ ሳንቲሜትር ይቀራት ነበር።