የቀጭኗ እህት ድምፅ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ የሁሉም ሰው ነው፤ ስለዚህ ናርዶስ በግንቦት ፀሐይ ሁለት ሹራብ ደርባ ስትውል ማንም ምን ሆንሽ አላላትም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት እናቷ ወይዘሮ እታፈራሁ በረንዳው ላይ የልብስ ስፌት መኪናዋን ስትጀምር፣ የፔዳሉ ድምፅ በግድግዳው አልፎ እስከ ክፍሏ ይመጣል። ያኔ ናርዶስ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ስልኳን ታበራና "ቀጭኗ እህት" የሚባለውን ገጽ ትከፍታለች።

የገጹ ባለቤት ፊቷን አሳይታ አታውቅም። የሚታየው ነጭ መጋረጃና አንድ ብርጭቆ ውሃ የያዘ እጅ ብቻ ነው። ድምጿ ግን እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ ሕፃን ከሚያስተኛ ሰው አፍ የሚወጣ ዓይነት ነበር። "እንደምን አደርሽ እህቴ" ትላለች ሁልጊዜ፣ ከዚያ ዛሬ ምን እንደማይበላ ትናገራለች። ናርዶስ ይህን ድምፅ መስማት የጀመረችው ጥር ላይ፣ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ በቀልድ "ጉንጭሽ እኮ ሞላ!" ብላ ከነካቻት ማግስት ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር መልካም ነበር። እናቷ የዩኒፎርሟን ቀሚስ ስታጠብብላት ፈገግ ብላ "ሸንቀጥ አልሽ፣ አምሮብሻል" አለቻት። ለሁለተኛ ጊዜ ስታጠብብላት ፈገግታዋ ቀረ። ለሦስተኛ ጊዜ ከወገቧ ላይ ጨርቁን ሰብስባ በስፒል ስትይዝ እጇ ስቶ ወጋቻት፤ ናርዶስ ግን በመስኮቱ ወደ ጎረቤት ጣሪያ ማየቷን አላቋረጠችም።

"አላመመሽም?" አለች እታፈራሁ።

"ምኑ?"

እናትየው ስፒሉን ነቅላ ቆዳውን አየች። ደሙ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በናርዶስ ዙሪያ ቀስ በቀስ ተለወጠ፣ ወይም እሷ ተለወጠች፤ የቱ እንደሆነ ለማወቅ አልጓጓችም። በሦስተኛው ቤት ሽንኩርት ሲከተፍ ቢላዋው እንጨት ሲነካ ይሰማታል፣ የሚቁላላው ወጥ ሽታ በበሩ ስር ገብቶ እግሯ ላይ የሚጠመጠም ይመስላታል፣ ከራሷ አፍ ደግሞ እንደ በሰበሰ ሙዝ ያለ ጣፋጭ ሽታ ይወጣል። ማበጠሪያዋ ላይ የሚቀረው ፀጉር በዛ። ክንዷ ላይ ግን እንደ ጫጩት ላባ ያለ ስስ ፀጉር በቀለ። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ታናሽ እህቷ ሜላት አንድ ቀን ክንዷን ዳስሳ እጇን ቶሎ ሰበሰበች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብራት መተኛት እንቢ አለች።

"ምሳሽን በላሽ?" ትላለች እናቷ ከመኪናው ቀና ሳትል።

"በልቻለሁ።"

ውሸቱ እንኳ ደረቷን የሚወጋ አልነበረም። ምንም የሚወጋ ነገር አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ከመጋረጃው ፊት ያለችው እጅ ብርጭቆውን አስቀመጠችና ድምጿ "እንደምን አደርሽ ናርዶስ" አለ። ናርዶስ ስሟን ለማንም ጽፋ አታውቅም። መደንገጥ እንደነበረባት ታውቅ ነበር፤ ድንጋጤው ግን አንድ ሰው ከሩቅ ሜዳ ላይ እንደሚጮኸው ሆኖ ሳይደርሳት ቀረ። በሌላው ሳምንት መብራት ሦስት ቀን ጠፋ፣ ስልኳም ሞተ። ድምጹ በሦስቱም ቀን ጠዋት በሰዓቱ መጣ፤ በስፌት መኪናው ምልልስ መሃል፣ ከትራሷ አጠገብ፣ እንደ ወትሮው ለስለስ ብሎ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ተማሪዎች ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈው ሳለ ናርዶስ ወደቀች። ስትነቃ ሆስፒታል ነበረች፤ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ሐኪሙ ለእናቷ ልብ ራሱ ሥጋ መሆኑን፣ ሰውነት ሌላ የሚበላው ሲያጣ ወደ እሱ እንደሚዞር በዝግታ አስረዳት። እታፈራሁ አላለቀሰችም። ያንን ስፒል ባሰበች ቁጥር እጆቿን ጭኖቿ መሃል ትደብቅ ነበር።

"እንዲህ ያደረገችሽ ያቺ ጠዋት ጠዋት በስልክሽ የምትሰሚያት ናት? አሳዪኝ" አለች ሐኪሙ ሲወጣ።

ናርዶስ ገጹን ከፍታ ስልኩን ሰጠቻት። እናቷ የመጨረሻውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አየች፤ ያን ዕለት ጠዋት የተለቀቀ ነበር። ከዚያ በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ መልእክት ጻፈች፦ "ልጄን ልትነጥቂኝ ነበር። አንቺ ከሰው አልተወለድሽም?"

ሜላት ከቤት በሳህን ይዛ የመጣችው የአጃ ሾርባ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ከቀትር በኋላ ስልኩ ነዘረ፤ እታፈራሁ መልሱን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

"እህቴ፣ እኔ እናቷ ነኝ። ገጹ የልጄ የኤፍራታ ነበር፤ መልእክትሽን በራሴ ስልክ ከፍቼ ነው ያየሁት። እሷም ከምግብ ተጣልታ መስከረም ላይ አረፈችብኝ። ስልኳን ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፣ ተከፍቶ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት የሚናገረው ማን እንደሆነ እኛም አና..."

እታፈራሁ አልጨረሰችውም። ስልኩን አልጋው ላይ ገልብጣ ጣለችና የልጇን እጅ ይዛ ማልቀስ ጀመረች፤ ሜላት ግድግዳው ድረስ ሸሸች። እንባዋ የናርዶስ እጅ ላይ ሲያርፍ ሞቀ። ሙቀቱ ተሰማት፤ ከስንት ወር በኋላ አንድ ነገር ተሰማት፣ የሾርባውም ሽታ ወደ አፍንጫዋ መጣ። "እማዬ፣ ራበኝ" ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን፣ በራሷ ሳይሆን በዚያ እንደ ጥጥ በለሰለሰ ድምፅ፣ "አልራበኝም እህቴ" የሚል ነበር።