ስድስተኛዋ ጉማጅ

«ሳቢያት እንጂ! አትነክስሽም!» አለ ታላቅ ወንድሟ ላሊ።

ዙህራ እርጥቡን ገመድ እጇ ላይ እየጠመጠመች ሳበች። ስድስተኛዋ የእንጨት ጉማጅ ከማቶንዶኒ መንደር የጀልባ ማሰሪያ ሥር ውሃ እያንጠባጠበች ወጣች። አምስቱን ቀድማ አውጥታ፣ መሃል ለመሃል በመጋዝ ቆርጣ፣ የባሕር ትል ምን ያህል እንደበላቸው ለትምህርት ቤቷ የሳይንስ ክበብ መዝግባለች። ዜሮ ያልተነካ፣ አራት ያለቀለት ነው። ይቺ ግን የአባቷ የአትማን ናት። ከዓመት በፊት ከማንጎ እንጨት ጠርቦ፣ ራሱ የቀመመውን የኖራና የሻርክ ዘይት ቅባት ቀብቷት ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የሳንባ በሽታ ገደለው።

«አየሽ! ምንም አልሆነችም!» ላሊ ጉማጇን አገላብጦ ሳማት። ኖራው ላይ የአባታቸው አውራ ጣት አሻራ እስካሁን አለ። «ዜሮ ብለሽ ጻፊ። ዓርብ ጀልባዬ ባሕር ትገባለች።»

ጀልባዋ አሸዋው ላይ ቆማለች። ጠንካራው የቲክ እንጨት ስለተወደደ ሆዷ በሙሉ የማንጎ እንጨት ነው፤ ላሊ የተማመነው በአባቱ ቅባት ብቻ ነው።

«ሳይቆረጥማ አይጻፍም።»

«የአባባን እጅ ልትቆርጪ? አታካብጂ በናትሽ!» ጉማጇን አሸዋው ላይ አስቀመጠ። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ወደ መስጊድ ሄደ።

ዙህራ መጋዙን ሁለቴ አንስታ ሁለቴ አስቀመጠችው። ከአባቷ የቀራት አሻራ ያ ብቻ ነበር። «ይቅር በለኝ፣ አባባ» አለችና አሻራው ላይ ሳበችው።

የጉማጇ ውስጥ ወንፊት ሆኗል። የትሎቹ መንገድ ሁሉ የሚነሳው ከገመዱ ቀዳዳ ነው።  ጉማጇ በተቀባችበት ቀን የአባቷ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ፣ እሱ ቀብቶ ሲጨርስ ቀዳዳውን የበሳችው እሷ ነበረች። «ውስጡንም ቅባት አስነካሽው?» ብሎ ሲጠይቃት ጓደኞቿ እየጠበቋት ነበርና «አዎ» አለችው። አላስነካችውም።

ላሊ ሲመለስ ሁለቱን ግማሾች ደብቃ ዜሮ ማለት ትችላለች። አራት ብላ ስለ ቀዳዳው ዝም ማለትም ትችላለች፤ ያኔ የአባቷ ቅባት የመንደሩ መሳቂያ ይሆናል።

«ስንት ሆነች?» አለ ከሩቅ።

«አራት።»

አሸዋው ላይ ተቀመጠ። «የአባባ ቅባት ከዳን በይኛ።»

«አባባ አልከዳንም። ቀዳዳውን የበሳሁት እኔ ነኝ፤ ቀብቻለሁ ያልኩት ውሸቴን ነው።» እንባዋ መጣ። «አምኖኝ ሞተ፣ ላሊ።»

«አንቺ!» ብሎ እጁን አነሳ፤ መልሶ ፊቱን ሸፈነበት።

ዙህራ ጀልባዋን አየች። «አንተስ ሚስማሮቹን ስትመታ ቀዳዳቸውን ውስጡን ቀባህ?»

 «ሳንቃውን ቀብቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው የበሳሁት» አለ። «ማንም አልነገረኝም። ሊነግረኝ የሚችለው እሱ ነበር።»

መዝገቡ ላይ አራት ጻፈች። ከሥሩ «ቀዳዳውን በስታ ውስጡን ያልቀባችው ዙህራ አትማን ናት» ብላ ጨመረች። ከዚያ የአባቷን ሚስማር መንቀያ አንስታ ወደ ጀልባዋ ሄደች።

«ስንቱን ልትነቅይ ነው?» አለ ላሊ ከኋላዋ።

«ሁሉንም።»

የመጀመሪያው ሚስማር ሲጮህ ላሊ ጆሮውን ያዘ። አራተኛው ላይ ስትደርስ የቅባቱን ማሰሮ ይዞ አጠገቧ ተንበረከከ። ስለ ዓርብ ማንም አላነሳም።