በቴፑ ልብስ ውስጥ የተሰፋው ጡብ

ጳጉሜን ሦስት ቀን 1975 ዓ.ም. ከቀትር በፊት፣ የቀበሌው ወጣት ማኅበር ቴፕ ለመስከረም ሁለቱ በዓል ልምምድ ከልብሱ ሲወጣ ጡብ ሆኖ ተገኘ።

ጡቡ አንድ ጎኑ ነጭ ዱቄት በነካው ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ከብርድ ልብሱ ላይ ናይለን፣ ከናይለኑ ላይ ወፍራም ሸራ። የሸራው አፍ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ በስፌቱ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ፈርመውበታል። መቀስ እስኪገባበት ድረስ ስፌቱም ፊርማውም እንዳለ ነበር። ቴፑ ግን የለም።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ አስናቀ ጡቡን አንስቶ አገላበጠው። ያው ጡብ ነው። መልሶ አስቀመጠው። ግራ ሲገባው ጆሮውን የመጎተት ልማድ ነበረበት፤ በዚያ ቀን ጆሮው እስኪቀላ ጎተተው።

ቴፑ ተራ ዕቃ አልነበረም። የከተማው ፋብሪካ ሠራተኞች አዋጥተው ከአሰብ ያስመጡት፣ አካሉ ብረት የሆነ፣ ስምንት የባትሪ ድንጋይ የሚጎርስ ቴፕ ነው። አምና በላብ አደሮች ቀን ከመድረክ ወድቆ አንድ ማዕዘኑ ሲጎደጉድ ዘፈኑን እንኳ አላቋረጠም። ሰዉ ለቴፑ አጨበጨበለት። እንዲህ ያለ ጠንካራ ዕቃ ከዚያ ወዲያ የባሰ ጥበቃ ይፈልጋል? ይፈልጋል ተባለ! ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይወጣል፤ ሌላውን ጊዜ ተሰፍቶ ይቀመጣል። የሚረከበው ሰው ከነልብሱ ያነሣዋል፣ ክብደቱን ይለካል፣ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ይፈርማል። መክፈት ከከተማው ዳር የሚመጣውን የሐይቅ እርጥበትና ትንኝ ማስገባት ነው።

ሰፊዋና ጠባቂዋ እትዬ ሰገነት ነበሩ፤ በፋብሪካው የስፌት ክፍል የሚሠሩ፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት።

"መቼ ሰፉት?"

"ሐምሌ መጀመሪያ። አሮጌው ሸራ ዝናብ ማስገባት ጀመረ። አዲስ ሰፋሁለት።"

"ሲሰፉ ቴፑ ውስጡ ነበር?"

እትዬ ሰገነት ጡቡን አዩት። "በማግስቱ ሊቀ መንበሩ ፈረሙበት" አሉ።

አስናቀ መልስ ያገኘ መስሎት ጻፈው።

ሊቀ መንበሩ ጓድ አካሉ ግን ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። "ዓይቼ ነው የፈረምሁት! እኔ ያላየሁትን አልፈርምም። ጻፈው! ይኼ ስርቆት አይደለም፣ አሻጥር ነው። በዚህ ከተማ ቴፕ ፈትቶ የሚገጥም ማን ነው? ሬዲዮ ጠጋኙ ሙሀመድሰዒድ ነው። ጳጉሜን ስድስት ጠዋት የአውራጃው መኪና ይመጣል። ሰውየው ይጫን።"

ያ መኪና ወስዶ የመለሰው ሰው ጥቂት ነው። አስናቀ ይህን ያውቃል። ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሙሀመድሰዒድ ሱቅ ተፈተሸ። ገበያው ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው በሬዲዮ ሆድ ዕቃ ተሞልቷል፤ በጣሳ ሽቦ፣ በጣሳ ቁልፍ፣ በጣሳ ጎማ። ሦስት ፖሊሶች ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለጉ። ቴፕ የሚባል የለም። ሽማግሌው ሻይ አስመጣላቸው። አስናቀ ብርጭቆውን ማስቀመጫ ቢያጣ ብሎን የተሞላ የብረት ሳጥን ላይ አኖረው፤ ጠጥቶም ሽማግሌውን አሰረው።

"ጋሽ ሙሀመድሰዒድ፣ ቴፑን ሰርቀዋል?"

"ወላሂ አልሰረቅሁም።"

"ማን ሰረቀው?"

"ማንም።"

"ማንም ካልሰረቀው የት ገባ?"

ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። "ልጄ፣ ስለ ራሴ የፈለግኸውን ጠይቀኝ። የሌላ ሰው ነገር ከኔ አይወጣም።"

"ጳጉሜን ስድስት መኪናው ይመጣል እኮ!"

"ሰምቻለሁ" አለና ቆቡን መልሶ ደፋ።

አስናቀ ሌባ ሲዋሽ ያውቃል፤ ንጹሕ ሰው ሲጮህም ያውቃል። የማይዋሽ፣ የማይጮህ እስረኛ ግን ገጥሞት አያውቅም። ተናደደም፣ አዘነም።

በማግስቱ ሌላ ወሬ መጣ። የቀበሌው የኪነት ቡድን አስተዋዋቂ ሀብተ ሥላሴ በሐምሌ ወር በጨርቅ የተሸፈነ ከባድ ነገር ይዞ በአቅራቢያው ወዳለችው ሐሙሲት ሲሳፈር ታይቷል። ቴፑ የሚቀመጥበት መጋዘን ቁልፍም በእጁ ነበር። አስናቀ ደስ አለው። በመጀመሪያው አውቶቡስ ሐሙሲት ወርዶ የሀብተ ሥላሴን እናት ቤት አንኳኳ። ሴትዮዋ ሳያንገራግሩ ወደ ጓዳ አስገቡት። በጨርቁ ውስጥ የነበረው አዲስ የላምባ ምድጃ ነው። ልጃቸው ከገዛላቸው ጀምሮ እንዳይጠቁር ብለው አንድም ቀን አልለኮሱትም። አስናቀ አንድ ቀን ሙሉ በከንቱ አቃጥሎ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ተመለሰ።

ደግነቱ በዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ነበረች። አንዲት ቀን ቀረችው።

ጳጉሜን አምስት ቀትር ላይ የሙሀመድሰዒድ ሚስት ጀሊላ ለባሏ ምሳ ይዛ ጣቢያ መጣች። የእህል ንግድ መጋዘን ውስጥ የጆንያ አፍ እየሰፋች የምታድር ሴት ናት። ፈቃድ ስትጠብቅ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው ሸራ ላይ አረፈ።

"ባሌን ያሳሰረው ይኼ ነው?"

"ይኼው ነው።"

ሳትጠይቀው አነሣችው። የሸራውን አፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችና ቀዳዳዎቹን በጥፍሯ ተከተለች። "ይኼ አንዴ ብቻ ነው የተሰፋ። ሸራ ከተወጋ ቀዳዳው አይደፈንም። ሌባ ተርትሮ መልሶ ቢሰፋው ኖሮ ሁለተኛ ቀዳዳ ይወጣው ነበር። እይ! ባሌ አልከፈተውም። ማንም አልከፈተውም!"

አስናቀ አየ። እውነቷን ነው፤ አንድ ረድፍ ቀዳዳ ብቻ። ስለዚህ ጡቡ መጀመሪያ ሲሰፋም ውስጡ ነበር። ስለዚህ የሰፋችው ሴት ታውቃለች። ግን ቴፑን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ ሴት ለምን ትሰርቀዋለች? ሽማግሌውስ ስለ እሷ ብሎ ለምን ይታሰራል? አንዱ ቋጠሮ ሲፈታ ሌላው ጠበቀበት።

አመሻሽ ላይ ለማታው ፈረቃ ለማስረከብ የጣቢያውን የእጅ ባትሪ አነሣ። ቢጫነው አይበራም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተው። የባትሪ ድንጋዩ ውሃ አውጥቶ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ተጋግሮበታል። ዱቄቱ ጣቱን ለበለበው።

ይህን ዱቄት የት ነው ያየው?

ጡቡ የተጠቀለለበትን ብርድ ልብስ ጎትቶ ዘረጋ። በአንድ በኩል ያው ነጭ ዱቄት፤ ዙሪያው ጨርቁ ሳስቶ ተበልቷል። ጡብ ደግሞ ድንጋይ አይጎርስም።

ቴፑ አልተሰረቀም፤ ታሞ ነው። የታመመ ቴፕ የት ይሄዳል?

ባሏን ትታ ያልሄደችውን ጀሊላን አስከትሎ ወደ ሱቁ ሮጠ። ሻይ የጠጣበትን የብረት ሳጥን ከግድግዳው ጎትቶ አዞረው። ብሎኖቹ ተንጫጩ። ወደ ግድግዳው ዞሮ የነበረው ማዕዘን ጎድጉዷል። ሙሉ ቴፕ ሲፈልጉ የቴፑን ቀፎ ተደግፈው ቆመዋል፤ ሆድ ዕቃው ደግሞ በየጣሳው ተበትኖ ግድግዳው ላይ ነበር። አስናቀ በራሱ አፈረ።

ወደ ጣቢያው ሲመለስ እትዬ ሰገነት በር ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ነጠላና ቅያሪ ቀሚስ የተቋጠረበት ዕቃ አለ።

"እሰረኝ ልጄ። ሽማግሌውን ልቀቀው።"

"አስቀድመው ለምን አልነገሩኝም?"

"ፈራሁ።" እንባቸው መጣ። "ከዘንድሮው የላብ አደሮች ቀን በኋላ ድንጋዩን ሳላወጣ ሰፋሁት። ሐምሌ ላይ ልብስ ልቀይርለት ስከፍተው ውስጡ ተበልቷል። በመውደቅ ያልሞተውን እኔ በጥበቃ ገደልሁት። በሰባ ዓመተ ምሕረት ባሌን በአሻጥር ብለው በዚያ መኪና ወሰዱት፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። እኔንም የሚወስዱኝ መሰለኝ። ሙሀመድሰዒድን 'እስከ በዓሉ አድነው፣ ለማንም አትንገር' ብዬ ለመንሁት። ሲያስሩት ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረም። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም።"

አስናቀ ሻይ አስመጣላቸው። ጥፋተኛዋን አግኝቷል፤ ደስታውን ግን አላገኘም። ወደ እስር ክፍሉ ገባ።

"ጋሽ ሙሀመድሰዒድ፣ ሁሉንም አውቄያለሁ። ቴፑ ይሠራል?"

ሽማግሌው ከውጭ የሚሰማውን የሰገነትን ለቅሶ አዳመጠና ትከሻው ወረደ። "ሁሉንም አጥቤ፣ ሞተሩን አድርቄያለሁ። አንዲት ሞላ ናት የጎደለችው፤ ድንጋዩን የምትገፋዋ። ተበልታለች። ከአስመራ አዝዤ ሁለት ወር ጠበቅሁ። በሽቦ ብሠራ አልጸና አለኝ።"

አስናቀ የእጅ ባትሪውን ከኪሱ አወጣ። ቂጡን ፈታ። ውስጡ ያለችው ሞላ ዱቄት ቢነካትም ጤነኛ ናት። ሽማግሌው ሞላዋን አየ፤ ከዚያ የመንግሥት ንብረት ቁጥር የተጻፈበትን ባትሪ አየ፤ ከዚያ አስናቀን አየ።

"ይኼስ አሻጥር አይሆንም?" አለ።

"ይያዙ፣ ሳላስብበት" አለ አስናቀ።

ጳጉሜን ስድስት ማለዳ፣ ሽማግሌው ሌሊቱን ቴፑን ሲገጥም አድሮ፣ መኪናው ሳይመጣ፣ አስናቀ የሊቀ መንበሩ ቢሮ ገባ።

"ጓድ፣ ቃልዎ ላይ 'ዓይቼ ነው የፈረምሁት' ብለዋል።"

"ብያለሁ!"

"ስፌቱ የተሰፋው አንዴ ነው። እርስዎ ሲፈርሙ ውስጡ ጡብ ነበር። እንግዲህ ወይ ጡቡን አይተው ፈርመዋል፣ ወይ ሳያዩ ፈርመዋል። የቱን ልጻፍ?"

ጓድ አካሉ እስክርቢቶአቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከክፍሉ አልወጣም። "ምን ብንጽፍ ይሻላል?"

"ቴፑ ለጥገና ተልኮ ነበር፤ ተጠግኖ ተመልሷል።"

መኪናው ባዶውን ሄደ።

መስከረም ሁለት ቴፑ ከሜዳው እስከ ሐይቁ ዳር ተሰማ። እትዬ ሰገነት ከመድረኩ ሥር ቆመው አልቅሰው አበቁ፤ በዓሉ ሲያልቅም ስምንቱን ድንጋይ አንድ በአንድ አውጥተው ለሙሀመድሰዒድ አስያዙት። አዲስ ሸራ አልሰፉም።

አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አስናቀ ፈረቃውን አስረከበ። ተረካቢው ተክለ ጊዮርጊስ የሚባል ጠንቃቃ ፖሊስ ነው። የእጅ ባትሪውን አነሣ፣ ክብደቱን ለካ፣ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። አስናቀ ጆሮውን ጎተተ።

"በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል" ብሎ ጻፈና ፈረመ ተክለ ጊዮርጊስ።