አምስተኛው መርፌ

«ተምረናል! ስድስት ፊርማ አለ፣ ቁጠረው!»

«ጋሼ፣ አስከሬናቸው ገና ከግቢ አልወጣም እኮ!»

«ታዲያ የማወጣው እኔ ነኝ? እኔ የምልህ የዛሬው ክፍለ ጊዜ ይቆጠርልን ነው!»

መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ከቆመች ሁለት ደቂቃ አልፏታል፤ ዞር ብሎ ያያት የለም። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ጣቱን እያወናጨፈ ይጮኻል። የማእከሉ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ የፊርማ መዝገቡን እንደ ሕፃን ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ግድግዳው ይሸሻል።

«ከፖሊስ ነው የመጣሁት» አለች።

«አውቀናል፣ ልጄ። ትንሽ ታገሺን» አላት ሹፌሩ፣ ፊቱን እንኳ ሳይመልስ።

ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። «ልጄ» ብሎ የጠራት ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በዚያ ላይ አለቃዋ ሁለት ጊዜ ደውሎላታል፤ «ሽማግሌ ደረጃ ላይ አዳልጦት ወደቀ፤ ይኸው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጽፈሽ ዝጊው» ብሎ። ከዚህም የባሰው፣ ሴት ልጇ የዚሁ የጡረተኞች ማእከል መመዝገቢያ ቅጽ አምጥታ ማቀዝቀዣው በር ላይ ከለጠፈችባት ወር አልፎታል።

ሥራ አስኪያጁን ክንዱን ይዛ ወደ ቢሮው አስገባችና በሩን ዘጋችው።

«አሁን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ሰውየው ላቡን ጠረገ። ሟቹ የመጽሐፍ ጥረዛ ተማሪ ነበር፤ ድሮ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ሰዓት አክባሪ፣ ነገር የማያልፍ ሰው። ትምህርቱ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነው፤ አስተማሪ የለውም፣ እርስ በርስ ይማማራሉ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ ደረጃው ሥር ወድቆ አገኘችው።

«በሩን ማን ከፈተ?»

«የፊቱን እኔ፣ ሁለት ተኩል ላይ። የኋላው በር ቁልፍ ከአበባው ማሰሮ ሥር ነው። ምስጢር ነው።»

«ምስጢሩን እነማን ያውቃሉ?»

ሥራ አስኪያጁ አሰበ። «ሁሉም» አለ።

«የምድር ቤቱ ደረጃስ?»

«ከኋላው በር እንደገቡ ነው።»

«መዝገቡን ለምን እንዲህ አቀፉት?»

«ደንብ አለን። ስድስት ሰው ያልፈረመበት ትምህርት፣ ያ ነገር ሦስት ጊዜ ከተደገመ፣ ይዘጋል። ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። እነሱ በትክክል ስድስት ናቸው፤ አንድ ሰው ቀረ ማለት አለቀላቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ርዕሰ መምህሩ ደውለውልኝ ነበር። ‹ነገ ከትምህርቱ በፊት ደብዳቤ በእጄ አመጣልሃለሁ፤ ይህ ነገር መቆም አለበት› አሉኝ። ምኑ እንደሆነ አልነገሩኝም። ብጠብቅ ቀሩ።»

መርማሪዋ ከሟቹ ኪስ የወጣውን ዕቃ አንድ በአንድ አስታወሰች፤ መነጽር፣ መሐረብ፣ የአውቶቡስ ካርድ፣ ስልክ። ደብዳቤ የሚባል ነገር አልነበረም።

ደረጃው ሥር የነበረው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ጠበቃት። «ጭንቅላቱን ተመትቷል፤ የደረጃው ጠርዝ ነው። ግን መንጋጋውና አንገቱ ደርቀዋል። ይህ ምድር ቤት ቀዝቃዛ ነው፤ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል እንጂ አያፈጥነውም። ሁለት ሰዓት ገደማ ሞተ ብትይ አትሳሳቺም።»

«ሦስት ሰዓት ላይ ፈርሟል።»

«እንግዲህ ሞቶ ነው የፈረመው» አለ ሐኪሙና ቦርሳውን ዘጋ።

የጥረዛው ክፍል ጠባብ፣ ንጹሕና ሙጫ ሙጫ የሚሸት ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አምስት ቦታ ተሰናድቷል። አራቱ ቦታ ላይ ወረቀቱ በወስፌ ተበስቶ፣ ስፌቱ ተጀምሮ፣ ክር የተሰካበት መርፌ ተንጠልጥሎ ይታያል። በመስኮቱ በኩል ያለው አምስተኛው ቦታ ላይ ግን የታጠፈው ወረቀት እንዳለ ተቀምጧል፤ አንድም ቀዳዳ የለውም። መሃል ላይ ካለችው የመርፌ መሰኪያ ትራስ ላይ አንድ መርፌ ቆሟል፤ ባዶውን፣ ያለ ክር። አጠገቡ ያለው የክር ጥቅልል ገና ግማሽ አልደረሰም።

ተማሪዎቹን በየተራ አስገባቻቸው። መጀመሪያ ሹፌሩ ገባ፤ ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠ።

«ሦስት ሰዓት መጣ፣ ተቀመጠ፣ ሰፋ። አራት ሰዓት እረፍት ስንወጣ ወጣ፣ አልተመለሰም። አለቀ።»

«እርስዎስ ስንት ሰዓት መጡ?»

«ሦስት ሰዓት፣ ከአዋላጇ ጋር። ከቤቷ ድረስ ሄጄ ነው በመኪናዬ የማመጣት፤ እንደ ድሮው ተሳፋሪ ከኋላ ቁጭ ብላ ስታዘኝ ነው የምንደርሰው። ይሄ ምን ያደርጋል? ያዳልጣል፣ ያ ደረጃ! ስንት ጊዜ ጽፈናል መሰለሽ!»

ጡረተኛዋ አዋላጅ ሰፊ፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ ዛሬ ግን መሐረቧን እየጠመዘዘች ነው። «ሦስት ሰዓት መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሰፉ። አራት ሰዓት እረፍት ስንወጣ ወጡ። እንዲያውም ዛሬ ጥሩ ሰፉ፣ ልጄ።»

«ጥሩ ሰፉ?»

«በጣም ጥሩ።»

መርማሪዋ ያልተበሳውን ወረቀት አየችና ጥርሷን ነከሰች። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ብዙ ውሸታም ገጥሟታል፤ እንደ መዝሙር ቃል በቃል አጥንተው፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ ደግሞ «ልጄ» እያሏት የሚዋሿት ግን እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ሦስተኛ የገባችው ታይፒስቷ ናት፤ አርባ ዓመት ሚኒስትር ቢሮ የጻፈች፣ ቀጭን፣ ጀርባዋ የቀና። «ሦስት ሰዓት መጡ፣ ተቀመጡ…»

«እትዬ፣ ይቅርታ» ብላ አቋረጠቻት። «የሟቹ ስልክ ላይ ያልተነሳ ጥሪ አለ። ሦስት ሰዓት ከአሥር፣ እንደገና ሦስት ሰዓት ከሃያ። ሁለቱም ከእርስዎ ነው። አጠገብዎ ተቀምጦ ለሚሰፋ ሰው ነው የሚደውሉት?»

የታይፒስቷ ትከሻ ወረደ።

«እኔ ነኝ የፈረምኩላቸው።»

«ለምን?»

«ያረፈደ ሰው ካለ እኔ ነኝ የምፈርም። ሁልጊዜ ነው። ለስድስተኛው ተማሪ፣ ለፖስተኛውም የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ልጁ ጋ ጠቅልሎ ከሄደ አራት ወሩ ነው። ስድስት ካልሞላን ይዘጉብናል፣ እመቤቴ። ርዕሰ መምህሩ አርፍደው አያውቁም፤ መንገድ ዘግቷቸው ነው ብዬ ፈረምኩ። የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽ? አስከሬናቸው ሲገኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ፊርማውን ነው። ሦስታችን ኮሪደር ላይ ተያየንና ‹ነበሩ እንበል› ተባባልን።»

«አራታችሁ ማለትዎ ነው።»

«አራታችን። አራተኛው፣ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ፣ አልተናገረም፤ ራሱን ነቀነቀ።»

«ሲፈርሙስ? ልብስ ሰፊው ምን አለ?»

«‹ርዕሰ መምህሩ ይመጣሉ አይደል፣ ልፈርምላቸው?› ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለኝ። ዝምተኛ ነው፣ ምን ይለኛል።»

መርማሪዋ መርፌ ትራሷን ሳብ አደረገች። «ክሩን ማን ነው የሚሰካው?»

ታይፒስቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እሱ ነዋ! የእኛ ዓይን መቼ ቀዳዳውን ያያል? እሱ ግን ሃምሳ ዓመት የሰፋ ሰው ነው። ከሁላችንም ቀድሞ ይመጣና አምስት መርፌ ሰክቶ ይጠብቀናል። ባለፈው ሳምንት ሹፌሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያረፍድ እንኳ መርፌው ቦታው ላይ ነበር። አንዱ መርፌ ሳይሰካ አደረ የሚባል ነገር አይወድም።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን እንደያዘ በሩ አጠገብ ቆመ። ልብስ ሰፊው ከጥግ ነው የተቀመጠው፤ አጭር፣ ንጹሕ ሽርጥ ያሸረጠ ሽማግሌ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ከእሱ ያገኘችው ቃል ከሁሉም ያነሰ ነበር፤ «እንዳሉት ነው» ብቻ።

«ግማሽ ቀኔን በልታችኋል» ብላ ጀመረች። «ሦስታችሁ የዋሻችሁኝ ሰው ገድላችሁ አይደለም፤ ክፍላችሁ እንዳይዘጋ ነው። በእናንተ ውሸት ምክንያት ግን ሁለት ሰዓት ላይ የሞተ ሰው አራት ሰዓት ላይ እንዲሞት ተደረገ። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ሁላችሁም ሻይ እየጠጣችሁ አብራችሁ ናችሁ። እንዲህ ቢቀር ኖሮ አዳለጠው ተብሎ ይዘጋ ነበር።»

«አዳልጦትስ ቢሆን?» አለ ሹፌሩ።

«ደብዳቤ ይዞ ነበር የመጣው። ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ የለም። ያዳለጠው ሰው ደብዳቤ አይጠፋበትም፤ የወሰደው ሰው አለ።»

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«የፈረሙት እትዬ ታይፒስቷ ናቸው። ገዳይ ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ጊዜ አይደውሉም ነበር፤ ሲደውሉ ርዕሰ መምህሩ መሞቱን አያውቁም ነበር። ሹፌሩና አዋላጇ ሁለት ሰዓት ላይ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነበሩ፤ ጎረቤቶች መኪናው ሲነሳ አይተዋል፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ሦስቱም ርዕሰ መምህሩ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያሉ ነው ሲጠብቁት የቆዩት። ወረቀቱ እንኳ ታጥፎ ቦታው ላይ ተቀምጦለታል።»

ትራሷን ወደ መሃል ገፋች።

«በየቀኑ አምስት መርፌ ይሰካል። ለሚመጣም፣ ለሚያረፍድም። ለማይመጣው ለፖስተኛው ብቻ አይሰካም። ዛሬ አራት ተሰካ። ክሩ አላለቀም። ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ማንም ሳይገባ፣ ርዕሰ መምህሩ ከእንግዲህ እንደማይሰፋ የሚያውቅ አንድ ሰው እዚህ ተቀምጦ ነበር።»

ማንም ወደ ጥጉ አላየም። ማየት አላስፈለገም።

ልብስ ሰፊው እጆቹን አነሳና አያቸው። «አንስቼው ነበር» አለ። «አምስተኛውን። እጄ እንዲረጋ ብዬ ነው መስካት የጀመርኩት፤ አራቱን ስሰካ ረግቶልኝ ነበር። አምስተኛው ላይ እምቢ አለኝ።»

«ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አለች መርማሪዋ፣ ሳታስበው ድምፅዋ ለስልሶ።

«ከኋላ በር ገባ። ፖስታ ይዟል። ‹ይህን ውሸት ዛሬ አቆመዋለሁ› አለኝ። ለምኜዋለሁ። ቤት ውስጥ እኮ…» ሽርጡን አስተካከለ። «ልጄ ጥሩ ልጅ ነው። ግን እኔ ባለሁበት ቤት ውስጥ ስለ እኔ የሚያወሩት እኔ እንደሌለሁ አድርገው ነው። እዚህ አራት ሰው እኔ ካልሰካሁለት አይጀምርም። ይህን እንዴት ልንገረው? እጁን ያዝኩት። ‹ልቀቀኝ፣ አንተ ምን አገባህ› አለና መነጨቀኝ። ለቀቅሁት። ዝም ብዬ እንኳ አይደለም የለቀቅሁት… ገፋሁት። ሲወድቅ ፖስታው እጄ ላይ ቀረ። ጠራሁት፣ ወርጄ ነካሁት። አልመለሰም።»

ከሽርጡ ኪስ የተጨማደደ ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አልተከፈተም።

«አላነበቡትም?»

«ምን ሊል ነው ብዬ? የእኛን ነገር ነዋ።»

መርማሪዋ ቀደደችውና አነበበች። እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበች። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ አቀበለችው፤ እሱም በተሰላቸ ድምፅ ጀምሮ፣ መሃል ላይ ድምፁ እየወረደ አነበበው።

«‹…እኔና ጓደኞቼ ለወራት በሌለ ሰው ስም ስንፈርም ቆይተናል፤ ኃላፊነቱን በሙሉ እኔ እወስዳለሁ። ሠላሳ ዓመት ልጆችን አትዋሹ ስል የኖርኩ ሰው በዚህ ዕድሜዬ ለመዋሸት መገደዴ ያሳፍረኛል። ስለዚህ ዝቅተኛው ቁጥር ከስድስት ወደ አራት ዝቅ እንዲል እጠይቃለሁ። ይህ ክፍል መዘጋት የለበትም። እዚህ ካሉት መካከል ከዚህ ክፍል በቀር መዋያ የሌላቸው አሉ።›»

አዋላጇ መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። ታይፒስቷ ዓይኗን ጨፈነች። ልብስ ሰፊው አልተንቀሳቀሰም፤ የሰማ እንኳ አይመስልም ነበር፣ ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ባይሸሽ ኖሮ።

መጀመሪያ የተናገረው ሹፌሩ ነው።

«አራት ይላል?»

«አራት ይላል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ግን ጥያቄ ነው፣ ጋሼ፤ ውሳኔ አይደለም። ይህ ቦርድ ይሄዳል። ደግሞ አሁን የአራት ወር የሐሰት ፊርማ ተጽፎ እጄ ላይ አለ፤ እኔ ምን ብዬ ነው…»

«የሟች ቃል ነው! ኑዛዜ ማለት ነው! እምቢ ልትል ነው?»

«ጋሼ፣ አይጩኹብኝ!»

«እውነቱን ነው» አለች ታይፒስቷ እንባዋን እየጠረገች፣ «ማመልከቻውን እኔ በደንብ አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ ቅጂ ለቦርዱ፣ ቅጂ ለአንተ።»

«በጽሑፍ ማሽን ነው? ዛሬ በኮምፒዩተር ነው የሚገባው…»

አዋላጇም ተነሳችና በሁለቱ መሃል ገባች። መርማሪዋ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ሲርገበገብ ተሰማት፤ አለቃዋ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። አላነሳችውም። ጎንበስ ብላ ልብስ ሰፊውን ትከሻውን ነካ አደረገችው።

ሽማግሌው ተነሳ። ሽርጡን ፈታ፣ በአራት አጠፈና ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረው። በግድግዳውና በወንበሮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው። ሹፌሩ ጠረጴዛውን በጡጫው እየደበደበ ነበር።

«አራት ካለ አራት ነን! ቁጠር! እኔ፣ እሷ፣ ታይፒስቷ፣ ልብስ ሰፊው፤ አራት!» አለና፣ ንግግሩን ሳያቋርጥ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አድርጎ ከኋላው ያለውን ሰው አሳለፈው።