የማናሳ ፊጂ ታይም

ኡናይሲ ጫማዋን አንጠልጥላ፣ ባሕሩ ጉልበቷ ድረስ ደርሶ፣ የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ቆማለች። ጀልባው አለ፤ የሌለው ባለጀልባው ማናሳ ነው። የእናቷ ወንድም።

«አጎቴ! ፈተናው ሦስት ሰዓት ነው እኮ!»

ማናሳ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ካሳቫውን እያላመጠ እጁን አወዛወዘላት። «ምን ያስቸኩልሻል የኔ ቆንጆ? ፊጂ ታይም!»

ከእንግሊዝኛው ሁሉ ይቺን አጥብቀን ይዘናታል፤ የፊጂ ሰዓት አይቸኩልም እንደማለት ናት። ሠርጉ ዘገየ? ፊጂ ታይም። ፓስተሩ ተኝቶ ቀረ? ፊጂ ታይም። ቱሪስቶቹማ ካናቴራቸው ላይ አጽፈዋት፣ ባዩዋት ቁጥር ይስቃሉ።

ግን ይሄው ማናሳ፣ የሆቴሉን ፈረንጆች ሊያመላልስ ሲሆን ዶሮ ሳይጮህ ሞተሩን ያስነሳል። አንዴ ቢያረፍድ እንደሚያባርሩት ያውቃላ! የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ ከኔ አልሰማችሁም።

ፈተናው ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚገኝ አልነበረም። ከተማ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ከየደሴቱ ልጅ የሚቀበለው በፈተና ነው፤ ዕድሜው ካለፈ አይቀበልም። ለኡናይሲ የዘንድሮው የመጨረሻዋ ነበር። ልብስ እያጠበች እንኳ ደብተሯ ላይ ድንጋይ ጭና ታነብ ነበር፣ ምስኪን።

ከተማ ሲደርሱ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቷል።

«ጀምረዋል እህቴ፣» አላት ዘበኛው። ልጅቷን ሲያያት አሳዘነችው መሰለኝ፣ ፊቱን አዞረ። በመስኮቱ አየች፤ ልጆቹ አቀርቅረው ይጽፋሉ። አንድ ወንበር ባዶ ነው።

ሲመለሱ፣ ደሴቱ መታየት ሲጀምር ማናሳ አፉን ከፈተ።

«አባትሽ ከጠየቀሽ ሞተሩ ተበላሸ በይው። እሺ? አንድ ደም አይደለን?»

ኡናይሲ ጫማዋን አንጠልጥላ ከጀልባው ወረደች። አባቷ ቶማሲ ባሕሩ ዳር ቆሞ ሲጠብቃት አገኘችው።

«እንዴት ሆነልሽ ልጄ?»

«አልተፈተንኩም።»

«ምነው? ሞተሩ ነው?»

ማናሳ ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሞተሩ ደህና ነው አባዬ። አጎቴ ካሳቫ እየበላ ነበር።»

ከዚያማ መንደሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሚስቱ እንኳ ማናሳን ስታየው ሳቋን በሻሿ ትሸፍናለች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማናሳ ፀጉሩን ተቀብቶ፣ ወፍራም የያንጎና ሥር ተሸክሞ እነ ኡናይሲ ቤት መጣ። በጉልበቱ ሄዶ ቶማሲ ፊት አስቀመጠው። በኛ ወግ የበደለ ሰው ሥሩን አስቀምጦ የተበደሉት ካጨበጨቡለት ነገሩ አለቀ፤ ሁለተኛ ማንሳት ነውር ነው። የፈለገ በደል ይሁን፣ ያንጎናው ተወቅጦ፣ ተጨምቆ፣ ተጠጥቶ ይረሳል።

ቶማሲ ሥሩን አየው። ሚስቱን አየ፤ ወንድሟ ነው፣ አቀርቅራለች። እጁን ጎድጎድ አድርጎ አጨበጨበ። አብረውት የተቀመጡት የመንደሩ ወንዶች ተከተሉ። እናቷም አጨበጨበች።

ማናሳ ተነፈሰ። ፈገግ ብሎ በሩ ጋ ወደተቀመጠችው ኡናይሲ ዞረ። እጇ ቀሚሷ ላይ ነው።

«አንቺስ የኔ ቆንጆ? እጅሽን ሸርጣን ነከሰሽ እንዴ?»

ወንዶቹ ሳቁ።

«ኡናይሲ!» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

ልጅቷ አጎቷን ቀና ብላ አየችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

«ምን ያስቸኩልሃል አጎቴ?» አለችው። «ፊጂ ታይም።»

ሳቁ ተቋረጠ። ቶማሲ ሊቆጣ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ወንዶቹ ሥሩን ወቅጠው ጠጡ፤ ስለ ዓሣ አወሩ፤ ስለ ዝናብ አወሩ። ማናሳ ጽዋው በደረሰው ቁጥር ዓይኑ ወደ በሩ ይሄዳል።

የኡናይሲ እጅ ቀሚሷ ላይ እንዳለ ነው።