በእጥበት ቀን የተነቀለ ዋግምት

ሳሊሱ በማራዲ ገበያ ጥግ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ራስ ይላጫል፤ ቆዳ በምላጭ እየበጣ ደሙን በቀንድ በመሳብ ዋግምትም ይነቅላል። ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነውና በምላጩ ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሰው አይወድም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአክስቱ ልጅ ቻይቡ ከሚስቱ ከጻሃራ ጋር መጣ። ቻይቡ ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ ደሙን በሆስፒታል መሣሪያ እያሳጠበ የሚኖር ሰው ነው። ያን ዕለትም ከእጥበት መመለሱ ነበር።

«ትከሻዬን ቀስፎ ይዞኛል። በል ያን ቀንድህን አምጣ፣ አንተ ፂም ለቃሚ!» አለ። በእነሱ አገር የአክስትና የአጎት ልጆች ካልተሰዳደቡ ፍቅራቸው አይታወቅም።

«ቁጭ በል፣ ራሰ በራ! መቼም የምላጭልህ ፀጉር የለህም።»

ጻሃራ ግን ፈራች። «ኧረ ሳሊሱ፣ በአላህ ተው! ደሙ በማጠቢያው ቱቦ ውስጥ እንዳይረጋ መድኃኒት ሰጥተውታል። ዛሬ ምላጭ እንዳይነካው ብለውናል።»

«እነሱ ደም ሲያወጡ ሕክምና፣ እኔ ሳወጣ ጥፋት?» ብሎ ሳሊሱ ሳቀ። የቻይቡን ትከሻ በጣ በጣ አድርጎ ቀንዱን ደፋበት።

ሌላ ጊዜ ቀንዱን ሲያነሳ ደሙን እንደ ጉበት ረግቶ ያገኘዋል። አሁን ግን እንደ ውሃ ቀጥኖ በጀርባው ወረደ። አመድ ነሰነሰበት፤ አመዱን ይዞት ወረደ። ጨርቅ ቢጭንበት ጨርቁ ራሰ። የቀልደኛው የቻይቡ ከንፈር ገረጣ።

«ባሌን ገደልከው!» አለች ጻሃራ።

አንድ የገበያ ሰው ቻይቡን በሞተር ብስክሌቱ አፈናጥጦ ሲወስደው ሳሊሱ ከኋላ ሆኖ ቁስሉን እንደተጫነ ሆስፒታል ደረሰ።

«ሕመሙ ራሱ ደም ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋል» አለች ነርሷ ቁስሉን እያሸገች። «የዛሬው መድኃኒት ደግሞ ተጨመረበት። የነገረህ ሰው አልነበረም?»

«ሚስቱ ነግራኝ ነበር» አለ ሳሊሱ።

ቻይቡ የሰው ደም ተሰጥቶት ለጥቂት ተረፈ፤ ከአልጋ ለመነሣት ግን ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ከዚያ ወዲህ ሳሊሱ ምላጭ ከማንሳቱ በፊት ደንበኛውን ስለ ሕመሙና ስለሚወስደው መድኃኒት ይጠይቃል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ እጥበት ላይ መሆናቸውን ሲነግሩት ቀንዱን አስቀመጠ።

«አባባ፣ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ። ጥርስ ለማስነቀልም ቢሆን ሕመምዎን ሳይናገሩ አይቀመጡ።»

«ኤዲያ! ማዶ ያለው ኢድሪሳ እንዲህ አያደርቀኝም» ብለው ተነሡ።

ከገበያው ማዶ ዋግምት የሚነቅለው ኢድሪሳና ሳሊሱ በደንበኛ ተጣልተው ሰላምታ ካቋረጡ ዓመታት አልፈዋል። ሳሊሱ ግን ሽማግሌውን ተከትሎ ገበያውን ተሻገረ።

«ኢድሪሳ፣ ምላጭህን አስቀምጥና ስማኝ» አለው። «እየተነገረኝ ሰው ልገድል ነበር።»